ቅርፊት

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ አዳማ፣ ጤና ጣቢያ፣
አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ስቆጥር ጃርዲያ፣
ሰው «እረፍት» ሲለኝ የሚታየኝ ሌላ፦
እጀታው፣ ብርጭቆው፣ በጀርም ሲሞላ።

«ዘንድሮስ ሐዋሳ!» ብሎ መርዕድ ገፋኝ፤
ሻንጣ ማዘጋጀት ሦስት ቀን አለፋኝ።
አንሶላ ከቤቴ። የትራስ ልብስ፣ ሁለት።
አልኮል በየኪሱ፣ ሶፍት፣ የእጅ ጓንት።
የክፍሉን በር እንኳ በክርኔ ከፈትኩት፤
ሪሞቱን በፌስታል ጠቅልዬ ነካሁት።
መርዕድ አልጋው ላይ ከነጫማው ወድቆ
«ሚስቴን ነው ያመጣሁ ወይስ ተቆጣጣሪ?» አለኝ፣ ትንሽ ስቆ።

በማግስቱ ጠዋት፣ አሞራ ገደል።
አባ ኮዳ ቆሟል፣ መላጣ ሽማግሌ፣ ካፖርቱን ደርቦ፣
ዓሣ ከሚበልቱ ልጆች ፊት፣ አንጀት እስኪጣልለት፣ ተርቦ።
መርዕድ ጥሬውን በዳጣ እያጠቀሰ
«ቅመሺ!» አለኝ፣ አፉን እያበሰ።
እኔ ዝም። በሆዴ ግን የትሉን ስም በሙሉ፣ ከነአባቱ፣
ጠራሁት በየተራ፣ እስከ አያት ቅድመ አያቱ።

ጀልባዋ ስም የላትም፤ ቁጥር አላት፣ አሥራ ሰባት።
ላንቃሞ፣ ባለጀልባው፣ እጁን ዘረጋልኝ እንድወጣበት።
አየሁት። ጥፍሩ ሥር ጥቁር ነገር። እጄን ኪሴ ከተትኩ፣
ራሴ ዘለልኩ፣ ልወድቅ ትንሽ ቀረኝ፣ ተንገዳግጄ ቆምኩ።
የሕይወት ጃኬቱ እርጥብ ነው። ስንቱ አልቦበታል?
አልኮል ስረጭበት «እመቤቴ፣» አለ ላንቃሞ፣
«እሱ ከመስመጥ ነው የሚያድን፤ ሌላው ይከብድበታል።»

መሀል ላይ ነፋስ ተነሣ። ታቦር ተራራ ወጣ፣ ወረደ።
የቤንዚኑ ሽታ፣ የአልኮሌ ሽታ፣ ከጠዋቱ ሻይ ጋር ሆዴ ውስጥ ነደደ።
ከዚያ... ከዚያ መጣ። በጓንቴ ላይ፣ በቀሚሴ ላይ፣ በሁሉ ላይ።
ሰዉ እግሩን ሰበሰበ። አንዱ አፍንጫውን በክንዱ ሸፈነ እኔን ሲያይ።
እናት የልጇን ፊት ወደ ደረቷ አዞረች፦ «አትጠጋት፣ ይጋባል!»
ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። የራሴ ዓይን ነው። ለካ እንዲህ ይከብዳል።
(መርዕድ? መርዕድ ጉማሬ ፍለጋ ፊቱን ወዲያ አዙሯል።)

ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ ባዶ ሳፋ የያዘች፣
ዓሣ ሸጣ የምትመለስ፣ ሳትጠይቀኝ መጣች።
እጇ እስከ ክርኗ በቅርፊት ያብለጨልጫል።
ግንባሬን ያዘችው። «አውጪው፣ አውጪው፣ ሐይቅ ያልለመደ እንዲህ ነው፣ ያልፋል።»
ውሃ በመዳፏ ጨለፈች፣ ያንኑ ውሃ፣ የስንቱን ጉድ የተሸከመውን፣
አጠበችኝ። ፊቴን፣ አፌን፣ አንገቴን፣ ጓንቴ ያልሸፈነውን።
አልሸሸሁም። ለነገሩ ጉልበትም አልነበረኝ።
ዳር ስንደርስ ሳፋዋን ተሸክማ ወረደች።

የትሉን ስም ከነአያቱ የማውቅ ሰው፣
የሷን አልጠየቅኩም።

ሌሊቱን ሰዓት ቆጠርኩ። ስድስት። ስምንት። አሥር።
ሆዴን አዳመጥኩት፣ እንደ ሌባ ኮቴ፣ ብርድ ልብሱ ሥር።
ምንም።
መርዕድ ግን፣ ያ ጀግና፣ አራቴ ተነሣ፣ አራቴ ሮጠ።
ደስ አለኝ ማለት ነውር ነው።
ትንሽ ግን፣ ትንሽ፣ ልቤ ጮቤ ረገጠ።

ሰኞ። አዳማ። ሦስቴ በፈላ ውሃ ካጠብኩት ቀሚስ
አንገትጌው ሥር አንድ ቅርፊት ተለጥፎ አገኘሁ።
ልጥለው ነበር። መስታወቱ ላይ አኖርኩት፣
አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ።
ቀለበት በቀለበት ውስጥ፣ ደግሞ ሌላ ቀለበት፣
ጠጠር እንደወደቀበት ሐይቅ፣ ገና እየሰፋ የቆመ።
ዓሣው የኖረበት ክረምትና በጋ መሆን አለበት።
ጀርም የለበትም አልልም። ይኖርበታል፤ የሌለበት ምን አለ?
ብቻ ቀለበቱን ቆጠርኩ እንጂ እሱን አልቆጠርኩም።

ከዚያ እጄን ታጠብኩ። በሳሙና። ሁለቴ።
«ተረኛ!» አልኩ።
አንዲት ሴት ገባች፣ ናሙናዋን በሶፍት ጠቅልላ፣ በኀፍረት አቀርቅራ።
«ስምሽ?» አልኳት። «የአባትሽስ?»
ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።
ቢሆንም ጠየቅኳት።